አልዘጋ ያለ ብሮውዘር ፎርማት አያስፈልገውም

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከቦሌ አራብሳ እስከ ጀሞ፣ በየኮንዶሚኒየሙ ሥር ባሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ለበሽታ ሁሉ አንድ መድኃኒት ይታዘዛል፤ ፎርማት። ኮምፒውተሩ ከበደ፣ ፎርማት። ብሮውዘሩ አልከፍት አለ፣ ፎርማት። ቁንጫ ገባበት ተብሎ ጋቢ አይቃጠልም። ከፎርማቱ ጋር የደንበኛ ፋይል፣ የተቀመጠ የይለፍ ቃል፣ ስንት ጊዜ ተለፍቶበት የተዘጋጀ የውልና የማመልከቻ ቅጽ አብሮ ይሄዳል።

የምንጽፈው ስለ አንዱ ችግር ብቻ ነው፤ ተዘግቶም ስለማይሞት ብሮውዘር። ሦስት መልክ አለው። መስኮቱ ተዘግቶ የማሽኑ ማራገቢያ መጮኹን አይተውም። ወይም ደግመው ሲጫኑት ጭራሽ አይከፈትም። ወይም ደግሞ ከስልክ በሆትስፖት የተያያዘው ፓኬጅ ማንም ሳይነካው ያልቃል። መልኩ ይመሳሰል እንጂ ምክንያቱ ይለያያል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ማየት ነው።

ጥግ ላይ ያለችው ኤክስ የምትዘጋው መስኮቱን ነው፤ ፕሮግራሙን መዝጋቷ የግድ አይደለም። ፕሮግራሙ በእርግጥ መሞቱን ለማወቅ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ዊንዶውስ 10 ላይ ጠባብ ሆኖ ከመጣ ከታች «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን ይንኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ፤ ሦስት ገጽ ብቻ ተከፍቶ የክሮም ስም አሥርና አሥራ አምስት ጊዜ ተደርድሮ ይታያል። ቫይረስ አይደለም። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ጀምሮ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ አንዱ ገጽ ሲበላሽ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ ሥራውን ለብዙ ፕሮሰስ (ለየብቻቸው ለሚሠሩ የፕሮግራሙ ክፍሎች) ያከፋፍላል። አንዱ ዋናው ነው፣ አንዱ ምስሉን ይስላል፣ አንዱ ኔትወርኩን ይይዛል፣ ለየኤክስቴንሽኑም (ብሮውዘሩ ላይ ለሚጨመረው ትንሽ ፕሮግራም) ለብቻው ይኖረዋል። ቁጥሩን መቁጠር ምንም አይነግርም።

የሚነግሩት አራቱ ዓምዶች ናቸው፤ ሲፒዩ፣ ሜሞሪ፣ ዲስክና ኔትወርክ። ብሮውዘሩን ይዝጉና እጅዎን ከማውዙ አንስተው አንድ ደቂቃ ሙሉ ይመልከቷቸው።

የዲስኩ ዓምድ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ገና እየጻፈ ነው፤ የጎበኙትን ዝርዝር፣ የተከፈቱትን ገጾች፣ ካሹን (ገጾች ቶሎ እንዲከፈቱ የሚያስቀራቸውን ቅጂዎች) እያስቀመጠ ነው። ኤስኤስዲ ባለው ማሽን ይህ ሳይታይ ያልፋል፤ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ግን ግማሽ ደቂቃ ቢወስድ አይገርምም። ፋየርፎክስ ላይ «ስዘጋ ታሪኬን ሁሉ አጥፋ» የሚለው ምርጫ ከበራ ደግሞ በመቶ የሚቆጠር ሜጋባይት ካሽ በሺህ ከሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ጋር መሰረዝ ስላለበት ጊዜው ይረዝማል። በዚህ መሀል ማብሪያውን ተጭኖ ማጥፋት፣ ወይም መብራት ሲሄድ ዩፒኤስ አለመኖሩ፣ በሚቀጥለው ቀን «አልከፍት አለ» ለሚባለው ችግር አንዱ በር ነው። ፋየርፎክስ ለመዘጋት የሚሰጠው ጊዜ አንድ ደቂቃ አካባቢ ነው፤ ካለፈ ራሱን ገድሎ የብልሽት ማሳወቂያ መስኮት ያወጣል። ያ መስኮት ሲመጣ ሰው ኮምፒውተሩ ተበላሸ ይላል፤ የተበላሸ ነገር ግን ላይኖር ይችላል።

ሲፒዩው፣ ዲስኩና ኔትወርኩ ዜሮ ሆነው ሜሞሪ ብቻ ከተያዘ፣ ደግመው ሲጫኑትም የሚከፈት ከሆነ፣ ብሮውዘሩ የቀረው በፈቃዱ ነው። ሰዓቱ አጠገብ ያለችውን ወደ ላይ የምትመለከት ትንሽ ቀስት ይጫኑ፤ የክሮም ምልክት እዚያ ተደብቆ ያገኙታል። በቀኝ ጠቅ አድርገው «ኤግዚት» ቢሉት ለጊዜው ይወጣል። ለዘለቄታው ግን ከክሮም ሴቲንግ «ሲስተም» የሚለውን ከፍተው፣ ክሮም ሲዘጋም ከጀርባ የሚሠሩ አፖች እንዲቀጥሉ የሚፈቅደውን ማጥፋት ነው። ኤጅ ላይ ሁለት ናቸው፤ «ሲስተም ኤንድ ፐርፎርማንስ» ውስጥ «ስታርትአፕ ቡስት» የሚባለውና ከሥሩ ያለው የኤክስቴንሽን ፈቃድ። ስታርትአፕ ቡስት ኤጅ ቶሎ እንዲከፈት ሲባል ኮምፒውተሩ ሲነሳ ጀምሮ ከፊሉን ሜሞሪ ላይ ያስቀምጠዋል። 16 ጊጋባይት ራም ላለው ሰው ጥሩ ነው። እኛ ሰፈር ባሉት 4 ጊጋባይት ማሽኖች ላይ ግን ወርድና ስካነሩ የሚፈልጉትን ቦታ ይሻማል፤ ያለማመንታት ይጥፋ። ጉዳቱ፣ ኤጅ እንደ ቀድሞው ቶሎ አይከፈትም፤ የኢሜይልና የመሳሰሉት ማሳወቂያዎች ብሮውዘሩ እስኪከፈት ድረስ አይመጡም።

ማሳወቂያ ካልን፣ ሰዓቱ አጠገብ ብቅ እያለ «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል» የሚለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ አይደለም። አንድ ቀን ፊልም ለማየት ሲባል «አላው» ተጭነው የፈቀዱለት ድረ ገጽ የሚልከው ማስታወቂያ ነው፤ ብሮውዘሩ ከጀርባ ስላልሞተ መቀበሉን ቀጥሏል። ከሴቲንግ፣ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ «ኖቲፊኬሽንስ» ገብተው የተፈቀደላቸውን ዝርዝር ይዩ፤ የማያውቁትን ስም ሁሉ ያስወግዱ። ለዚህ አንቲቫይረስ የገዛ ሰው ገንዘቡን ጥሏል።

ፓኬጅ ለሚያልቅበት ሰው ከመገመት መለካት ይሻላል። ዊንዶውስ ሴቲንግ፣ ኔትወርክ፣ «ዳታ ዩሴጅ» ውስጥ ያለፉት 30 ቀናት ፍጆታ በየፕሮግራሙ ተዘርዝሮ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ብሮውዘሩ ሳይሆን የዊንዶውስ ዝማኔ ሆኖ ይገኛል። ሆትስፖቱን «ሚተርድ ኮኔክሽን» (ፍጆታው የሚቆጠር መስመር) ማድረግ ዝማኔውን ይገታል፤ ከጀርባ የቀረን ክሮም ግን ሙሉ በሙሉ አያስቆመውም።

ብሮውዘሩ ተዘግቶ ሲፒዩው ከፍ ብሎ የማይወርድ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ታስክ ማናጀር ላይ ስሙን በቀኝ ጠቅ አድርገው «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» ይበሉ። የሚከፈተው ፎልደር በፕሮግራም ፋይልስ ሥር፣ ጉግል፣ ክሮም፣ አፕሊኬሽን ከሆነ እውነተኛው ክሮም ነው። ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ የተጫነ ክሮም አፕዳታ፣ ሎካል፣ ጉግል ሥር ሊገኝም ይችላል፤ እሱም ጤነኛ ነው። ቴምፕ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ «ክሮም» ግን በስሙ የሚነግድ ሌላ ነው፤ እሱን በአንቲቫይረስ ማስፈተሽ ይገባል። ፋይሉ እውነተኛ ሆኖ ሲፒዩ ከበላ ወደ ኤክስቴንሽኖቹ ይሂዱ። ፋየርፎክስን ሺፍት ተጭነው ቢከፍቱት ኤክስቴንሽኖቹን አጥፍቶ ለመነሳት ይጠይቃል። በዚያ ሁኔታ በደንብ ከተዘጋ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የአንዱ ኤክስቴንሽን ነው። አንድ በአንድ አይፈትኗቸው፤ ግማሹን ያጥፉና ይዩ፣ ከዚያ ጥፋተኛው ያለበትን ግማሽ እንደገና ለሁለት ይክፈሉ። 8 ቢሆኑ በ3 ሙከራ ይገኛል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ሁሉም ዜሮ ሆኖ ብሮውዘሩ ግን አልከፍት ወደሚለው። ፋየርፎክስ በዚህ ጊዜ ቀድሞ እንደተከፈተና ምላሽ እንደማይሰጥ የሚገልጽ መልእክት ያወጣል። አንድን ፕሮፋይል (ታሪክዎና ምርጫዎችዎ የሚቀመጡበትን ፎልደር) ሁለት ፋየርፎክስ በአንድ ጊዜ እንዳይጽፍበት በቁልፍ ፋይል ይዘጋዋል፤ የቀድሞው ፕሮሰስ ስላልሞተ ቁልፉ በእጁ ነው። ትክክለኛው እርምጃ ታስክ ማናጀር ላይ ዋናውን መርጦ «ኤንድ ታስክ» ማለት ነው። ያልተላከ ፎርም ካለ እንደሚጠፋ ግን ይወቁ። አንዳንድ ልጆች ፕሮፋይል ፎልደሩ ውስጥ ገብተው «ፓረንት ሎክ» የሚባለውን የቁልፍ ፋይል ለመሰረዝ ይሞክራሉ። ፕሮሰሱ ሳይሞት ግን ዊንዶውስ ፋይሉ በሥራ ላይ ነው ብሎ አያሰርዝም፤ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም።

ፕሮሰሱ ለምን እንደተሰቀለ መጠየቅም አለ። በጽሕፈት ቤቶች ውስጥ በቀላሉ የማይጠረጠረው ፕሪንተሩ ነው። ዲፎልት የሆነው ፕሪንተር ከጠፋ ወይም ገመዱ ከተነቀለ፣ የፕሪንት ትእዛዝ የተሰጠው ብሮውዘር መልስ እየጠበቀ ይቆማል። የፕሪንት ወይም የፋይል መምረጫ ትንሿ መስኮት ከሌላ መስኮት ጀርባ ተደብቃም ታስቀረዋለች፤ ኦልትና ታብ ተጭኖ መፈለግ ነው።

«ኤንድ ታስክ» ተብሎም የማይሞት ፕሮሰስ ካጋጠመ ወደ ሃርድዌር ያሳያል። ፕሮሰሱ ከድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር ከሚያገናኘው ፕሮግራም) መልስ እየጠበቀ ነው፤ ፋይል ሲጫን መሀል የተነቀለ ፍላሽ ሊሆን ይችላል፣ የታመመ ሃርድ ዲስክም ሊሆን ይችላል። ታስክ ማናጀር ላይ «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ሠራሁ እያለ የሚያነበውና የሚጽፈው በሰከንድ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ከሆነ ዲስኩ እየሞተ መሆኑን ይጠርጥሩ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም «ኮሽን» የሚል ቢጫ ምልክት ከታየ መጀመሪያ ፋይል መገልበጥ፣ ከዚያ ዲስክ መቀየር ነው። እንዲህ ያለውን ዲስክ ፎርማት ማድረግ ያለችውን እድል ማባከን ነው። ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ደግሞ «ሸት ዳውን» ሳይሆን «ሪስታርት» ያድርጉት። ፋስት ስታርትአፕ በበራበት ዊንዶውስ ላይ ሸት ዳውን ፕሮግራሞቹን ይዘጋል እንጂ የዊንዶውስን እምብርት ከርነሉንና ድራይቨሮቹን እንዳሉ ዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግስቱ መልሶ ያነሳቸዋል፤ የተሰቀለ ድራይቨርም አብሮ ይመለሳል። ሪስታርት ሁሉን ከዜሮ ያስነሳል።

ማክ ላይ ነገሩ ሌላ ነው፤ ቀይዋ ነጥብ የምትዘጋው መስኮት ብቻ መሆኑ ከጥንት የነበረ ጠባዩ ነው። ፕሮግራሙን የሚዘጋው ኮማንድና ኪው ነው።

ለጽሕፈት ቤት ባለቤቶች የቀረን አንድ ጉዳይ አለ። ደንበኛ በእናንተ ማሽን ኢሜይሉን ከፍቶ በኤክሷ ዘግቶ ሲሄድ አካውንቱ አልተዘጋም። ክሮም ላይ «ካቆምኩበት ቀጥል» የሚለው ምርጫ ከበራ፣ ብሮውዘሩ ሙሉ በሙሉ ሞቶ ቢነሳም ኢሜይሉ እንደተከፈተ ሊመለስ ይችላል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን ተጭኖ የሚከፈተው ኢንኮግኒቶ ይሻላል፤ ነገር ግን የኢንኮግኒቶ መስኮቶች ሁሉ መረጃቸው አንድ ነው፣ የሚጠፋውም የመጨረሻው ሲዘጋ ነው። የአንዱ ደንበኛ መስኮት ታችኛው መስመር ላይ ተቀንሶ ከቀረ፣ ለቀጣዩ ደንበኛ አዲስ ኢንኮግኒቶ ስትከፍቱለት የፊተኛውን ኢሜይል ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ደንበኛው ከወንበሩ ሳይነሳ ራሱ «ሎግ አውት» ይበል፤ እናንተም ታች የተቀነሰ መስኮት አለመኖሩን አይታችሁ ሁሉንም ዝጉ።

ኮምፒውተር ጠጋኞች፣
ከቱሉ ዲምቱ