ጉዳዩ፦ ቤት የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተርን ለልጆች መማሪያ ስለማዋል

ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ድሬዳዋ

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

አምና አንዲት እናት አሮጌ ኮምፒውተር በባጃጅ ጭነው እስከ ትምህርት ቤታችን በር ድረስ አመጡ። እኔም ዕቃውን እንኳ ሳላስወርድ «ዘመኑ ያለፈበት ነው፣ ቦታ ከመያዝ በቀር አይጠቅመንም» ብዬ መለስኳቸው። ዘንድሮ ከዚያም የባሰውን ከራሳችን መጋዘን አውጥተን የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲማሩበት ሳይ ስህተቴ ገባኝ። ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ኮምፒውተሩም አሁን እኛ ጋ ነው። ይህን የጻፍኩላችሁ በእናንተም ቤት አልጋ ሥር ወይም ቁም ሣጥን ላይ የተረሳ እንዳለ ስለማምን ነው።

ከመጋዘን ያወጣነው ፔንቲየም 4 ዴስክቶፕ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ተጭኖበት ነበር፤ ሲበራ ይጮኻል እንጂ ስክሪኑ ላይ ምንም አያሳይም። የአይሲቲ መምህራችን የኮምፒውተሩን ሳጥን ሲከፍቱት ያገኙት የድሬዳዋን አቧራ ነው፤ ማራገቢያው እንደ ጥጥ በተጋገረ አቧራ ታፍኗል። አቧራውን በብሩሽ ጠርገው አወጡ፤ ራሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበትን ክፍል፣ ነቅለው ጫፉን በላጲስ አጽድተው መለሱት፤ ጩኸቱም ቆመ። ቀንና ሰዓት የምትይዘው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች 3 ቮልት ባትሪ አልቃ ስለነበር ቀየሯት። ራሙ 512 ሜጋባይት ብቻ ነበር፤ ከሌላ የማይሠራ ማሽን ተመሳሳይ ራም ወስደው 1 ጊጋባይት አደረሱት። ከዚያ ኤክስፒውን አጥፍተው ለአሮጌ ማሽን የሚሆን ቀለል ያለ ሊነክስ ጫኑበት። ሊነክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ፕሮግራም ሲሆን በነፃ የሚሰጥ ነው፤ ፈቃድ አይገዛለትም።

ከጫንናቸው ፕሮግራሞች ልጆቹ አጥብቀው የወደዱት ጂኮምፕሪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአንድ ፈረንሳዊ የተጀመረ ሲሆን ከ100 በላይ ጨዋታዎች አሉት። ባቡር ውስጥ የሠሩ የአንድ ተማሪ አያት አንድ ቀን ስሙን ሲሰሙ ሳቅ ብለው «ገብቶኛል ማለት እኮ ነው!» አሉን። ፈረንሳይኛ ለለገሃር ሰው እንግዳ አይደለም። ልጆቹ በዚህ ጨዋታ ማውዝ መያዝ፣ መቁጠር፣ ፊደል መለየት ይለማመዳሉ። ሰዓት ማንበብም አለበት፤ ግን ጠዋት 3 ሰዓት የምንለውን እሱ 9 ይለዋል። መምህርቷ ይህንን እንደ ችግር አላዩትም፤ ልጆቹ ሁለቱንም እንዲናገሩ አደረጉ። አሁን 6 መደመርና መቀነስ ከዚያ ክፍል በላይ የገባው ክፍል የለንም።

ታክስ ፔይንት የሚባለው የሥዕል ነው። የሁለተኛ ክፍሏ ልጅ የመጀመሪያ ሥራ ሰማያዊ ባጃጅ ነበር፤ አትማ ክፍሉ በር ላይ ለጥፈናል። በታክስ ማዝ ደግሞ የሂሳብ ጥያቄ ከላይ ይወርዳል፤ መሬት ሳይደርስ መልሱን መጻፍ ያስፈልጋል። የማባዣ ሠንጠረዥ በቃል ያዙ ስንላቸው የሚያኮርፉ ልጆች እዚያ ሲሆን በራሳቸው ይይዙታል። «ልጄ ትምህርት ቤት ጌም ይጫወታል ወይ?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ወላጆች፣ አዎ፣ ይጫወታል፤ እባካችሁ መጥታችሁ ምን እንደሚጫወት አብራችሁ እዩ።

ኪቦርዱ ላይ «ኤስ» እና «ኢ» ሲጫኑ «ሰ» የሚሰጥ የአማርኛ አጻጻፍ አስገብተናል። ኦሮምኛና ሶማልኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ተጨማሪ ነገር ሳይፈልጉ በቀጥታ ይጻፋሉ። በዚህ ግቢ ልጆች ሦስቱንም ሲቀላቅሉ የሚውሉ ስለሆነ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ኢንተርኔት አላገናኘንም፤ ለዚህ ዕድሜ አያስፈልግም ብዬ አምናለሁ። የአማርኛ ዊኪፔዲያን ግን ኪዊክስ በተባለ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት አድርገናል፤ ከ10,000 በላይ ጽሑፍ አለው፤ ለከፍ ላሉት ክፍሎች ነው።

ለአንድ ኮምፒውተር ሁለት ልጅ እናስቀምጣለን። አንዱ ማውዝ ይይዛል፣ ሌላው ይናገራል፤ በየ20 ደቂቃው ይለዋወጣሉ። ከቀትር በኋላ በሙቀቱ ማሽኖቹ በራሳቸው ስለሚጠፉ ክፍለ ጊዜው ጠዋት ብቻ ነው።

አሁን የምንፈልገውን በግልጽ ልናገር። ከሁሉ በላይ ላፕቶፕ ነው፤ ባትሪው ቢሞት፣ ጥቂት ቁልፎቹ ቢረግፉ ግድ የለም። ዴስክቶፕ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ መብራት ሲሄድም በአንዴ ይጠፋል፤ ቢሆንም እንቀበላለን፣ በተለይ የሚሠራ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠው ባትሪ፣ አብሮት ካለ። ማውዝ፣ ኪቦርድ፣ ራም፣ ጠፍጣፋ ስክሪን ሁሉ ያገለግለናል። ጀርባው የወጣውን የድሮ ስክሪን ግን አታምጡ፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ መስታወቱም እርሳስ የሚባለው ብረት አለበት። ልጆች እንዳይከፍቱትም ጠብቁ። የላፕቶፕ ባትሪ አብጦ ካያችሁ ቻርጅ አታድርጉት፣ አትውጉት፤ እሳት ያስነሳል።

መሥሪያ ቤት ለምትሠሩም አንድ ነገር ላስታውስ። ማይክሮሶፍት ባለፈው ጥቅምት 4 ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው ብዙ ደህና ኮምፒውተሮችም ከሥራ ውጭ እየሆኑ ነው። ለእኛ ከበቂ በላይ ናቸው። ነገር ግን በንብረት ክፍል በኩል፣ በደብዳቤ ይሁን፤ የድጋፍ ደብዳቤ እጽፍላችኋለሁ። ያለ ሰነድ የወጣ ዕቃ አልቀበልም።

ሳታመጡት በፊት ፎቶና የግል ሰነዳችሁን ገልብጣችሁ አስቀሩ። አንድን ፋይል ዲሊት ማድረግ ከዲስኩ ላይ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ዲስኩን እናንተ ባላችሁበት ሙሉ በሙሉ እንጠርጋለን። ከፈለጋችሁም ዲስኩን ነቅለን እንመልስላችኋለን።

ቅዳሜ ኅዳር 20 ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ነው። የሚሠራ ይሁን የማይሠራ አምጡት፤ እዚያው ተከፍቶ ይታያል። ኤሌክትሮኒክስ የምትጠግኑ አባቶችና ወንድሞች ብየዳችሁን ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል። ምንም የምታመጡት ባይኖርም ኑ፤ ልጆቹ እናንተን ለማስተማር ተዘጋጅተዋል፣ ወንበርም ይዘውላችኋል።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር