ልጆቻችንን በመርፌ አታስፈራሩብን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የ5 ዓመት ልጄ መንጋጋ ጥርሱ ተቦርቡሮ ሌሊት አላስተኛን ስላለ አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት። ወንበሩ ላይ ገና ሲወጣ ማልቀስ ጀመረ። ሐኪሙ «ዝም ካላልክ ትልቁን መርፌ ነው የማመጣው» አለው። እኔ ውጪ ጠብቂ ተባልኩ። ሁለት ሰዎች እጅና እግሩን ይዘው ነቀሉለት። ከዚያ ወዲህ የጥርስ ብሩሽ ሲያይ እንኳ አፉን ግጥም ያደርጋል።

ጥፋቱ ግን የሐኪሙ ብቻ አይደለም። እኔም ቤት ውስጥ «ካልበላህ ዶክተር ጋ ወስጄ አስወጋሃለሁ» እያልኩ ነው ያሳደግኩት። የዚያን ዕለትም ታክሲ ውስጥ «ምንም አያምህም» ብዬ ዋሸሁት።

በኋላ ሌላ ሐኪም ጋ ሄድን። እሷ መጀመሪያ አፉን አልነካችም። ትንሿን መስታወት አስያዘችው። ውሃ የሚረጨውን መሣሪያ ጥፍሩ ላይ ሞከረችለት። «ጥርስህን ሻወር ልናስወስደው ነው» ስትለው ሳቀ! ካመመው እጁን እንዲያነሳ ነገረችው። አንዴ አነሳ፤ ወዲያው አቆመች። እኔም አጠገቡ ነበርኩ።

መንገር፣ ማሳየት፣ ከዚያ መሥራት። አድልስተን የተባለ የጥርስ ሐኪም ስለዚህ ዘዴ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ውድ ማሽን አይፈልግም፤ ጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት እንጂ። ታዲያ ክሊኒኮቻችን ምን ያስቸኩላቸዋል? እናንተም ወላጆች፣ ልጁን ጥርሱ ሳይታመም፣ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው ለጥርስ ሐኪም አሳዩት። እኔ 5 ዓመት ጠብቄ ነው ዋጋ የከፈልኩት።

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ