የዲምብልቢ ፊልም ሳይቆራረጥ ይታይ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ 1966ቱ አብዮት በወጣው ጽሑፍ፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛና የዘጋቢ ፊልም ሠሪ ጆናታን ዲምብልቢ አፄ ኃይለ ሥላሴን በፊልም ከዙፋን ያወረደ ሰው ተደርጎ ቀርቧል። አባባሉ በብዙዎች አንደበት ሲነገር የኖረ ቢሆንም፣ ጋዜጠኛው የሠራውን ሥራ ሌሎች በሥራው ላይ ከፈጸሙት ድርጊት ጋር ስለሚቀላቅል፣ የወሎ ተወላጅ እንደመሆኔ ዝም ብዬ ላልፈው አልፈለግሁም።

ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሚናገረውን «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘ ዘገባ ያቀረበው ለቴምዝ ቴሌቪዥን «ዲስ ዊክ» ፕሮግራም ሲሆን፣ ዘገባው በእንግሊዝ አገር የተላለፈው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ነበር። ያኔ ዕድሜው 29 ዓመት ነው። አባቱ ሪቻርድ ዲምብልቢ የበርገን-ቤልሰንን የናዚ ማጎሪያ ጣቢያ ሰቆቃ በ1945 እ.ኤ.አ. በሬዲዮ ያሰማ ጋዜጠኛ ነበርና፣ ልጁ በወሎ ዘገባ የተሸለመው በአባቱ ስም የተሰየመውን ሽልማት መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የፊልሙ ዓላማ ግልጽ ነበር፤ በመጠለያ የወደቁትን ሰዎች ለእንግሊዝ ሕዝብ አሳይቶ እህልና መድኃኒት በፍጥነት እንዲላክ ማድረግ ነው። ተመልካቹም እጁን ዘርግቷል። አንድ ጋዜጠኛ ለአንድ ጉዳይ ወግኖ ሲዘምት ሙያውን ይጥሳል ለሚሉ ወገኖች የማቀርበው ምላሽ ይኸው ፊልም ነው፤ ዲምብልቢ የወገነው ለተራበው ሰው ነው፣ ማስረጃውም የተራበው ሰው ራሱ ነበር።

በጽሑፋችሁ ፈጽሞ ያልተነሣ ሌላ ጉዳይም አለ። ረሃቡ «ያልታወቀ» የነበረው ለውጭው ዓለም እንጂ ለእኛ አልነበረም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1965 ዓ.ም. ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰዋል፤ ፎቶግራፎቹም በግቢው ውስጥ ለእይታ ቀርበው ተማሪውን ለተቃውሞ አነሣሥተዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር የተሰለፈው ረሃብተኛ መኪና እያስቆመ ሲለምን፣ በዚያ መንገድ ያለፈ ባለሥልጣንም ሆነ ነጋዴ አላየሁም ሊል አይችልም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በኋላ እንዳሳየው፣ በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት ይህን ያህል አልወደቀም፤ የወሎ ገበሬ ግን ሰብሉ ጠፍቶበት መግዣ አጥቶ ሲያልቅ፣ ከክፍለ ሀገሩ ወደ ሌላ ቦታ የሚጫን እህል ነበረ። ይህ ሁሉ እየታወቀ የታፈነ ነገር ነው፤ የዲምብልቢ ድርሻም አፈናው ከማይደርስበት ቦታ ሆኖ መናገሩ ነው።

ከዚህ በኋላ የተደረገውን ከእሱ ሥራ መለየት ያስፈልጋል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው ፊልም፣ እንግሊዞች ከዓመት በፊት ያዩት አልነበረም። የደርግ ሰዎች በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥቱን ድግስና ለውሾች የሚሰጠውን ሥጋ እያስገቡ እንደገና አቀናብረውታል። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ድግሱም ረሃቡም እውነት መሆናቸውን አልክድም፤ ሆኖም እህል ለማስላክ የተሠራ ሥራ ሥልጣን ለመያዣ ሲውል፣ ያንን ያደረገው ማን እንደሆነ መነገር አለበት። በረሃቡ የተጠያቂዎችን ጥፋት ያጣራ ዘንድ በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የሚመራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር፤ ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የንጉሠ ነገሥቱ ባለሥልጣናት፣ በደርግ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በዚህም ምክንያት ስለ 66ቱ ረሃብ በፍርድ ቤት ቀርቦ ሊሰማ ይችል የነበረ ምስክርነት ከእነሱ ጋር ተቀብሯል።

በዚያ ፊልም የተጠቀመው መንግሥት ከአሥር ዓመት በኋላ ያደረገውን ደግሞ እናውቃለን። የራሱ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን አስቀድሞ አስጠንቅቆ ሳለ፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል በመስከረም 1977 ዓ.ም. በድምቀት ተከበረ፤ የኮረም ሰቆቃ በመሐመድ አሚን ካሜራና በማይክል በርክ ዘገባ ለዓለም የታየው በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን ነው። ይህን የምጠቅሰው የፊልሙን ዋጋ ለማሳነስ ሳይሆን፣ ፊልሙን የቆራረጡት እጆች ለረሃብተኛው የቆሙ እንዳልነበሩ ለማሳየት ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። ብሔራዊው ቴሌቪዥን የቀድሞውን ፊልም እንደተሠራ፣ በደርግ እንደገና የተቀናበረውንም ለብቻው፣ የትኛው የማን እንደሆነ በግልጽ አስታውቆ ያሳየን። ጋዜጣችሁም በ1965 ዓ.ም. ፎቶግራፉን ካነሡት መምህራንና ዐውደ ርእዩን ካዘጋጁት ተማሪዎች መካከል በሕይወት ያሉትን ፈልጎ ቃላቸውን ይመዝግብ፤ ዕድሜያቸው የገፋ ስለሆነ ሥራው ለሚቀጥለው ዓመት ባይተላለፍ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከደሴ