ስላመለጠው ድል

ጎንደር

ይድረስ ለወንድሜና ለወዳጄ፤

እንደምን ከረምህ? ዝምታዬ በዛ፤ ይቅር በለኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጥምቀት ደርሷል፤ በፋሲል መዋኛ ውኃው እየገባ፣ ከተማው ለእንግዳ እየተሰናዳ ነው። የመጨረሻው ደብዳቤህ ግን መልስ ሳያገኝ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ። «ለዓለም የቼዝ ሻምፒዮና የሚጫወት ሰው ያሸነፈውን ኤንድጌም (ጥቂት ክፍሎች የቀሩበትን የጨዋታውን ፍጻሜ) እንዴት ይለቃል? አያውቀውም ማለት ነው?» ብለህ ነበር።

አያውቀውም አይደለም። በመጀመሪያ፣ «ያመለጠ ድል» የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2018 ለንደን ላይ የዚያን ጊዜው የዓለም ሻምፒዮን ካርልሰንና ተፈታታኙ ካሩዋና ያደረጉትን 6ኛ ጨዋታ ውሰድ። ካሩዋና ጥቁሩን ይዞ ቢሾፕ (በሰያፍ የሚሄደው ክፍል) እና ፈረስ አለው፤ ካርልሰን ቢሾፕና ወታደሮች። በ68ኛው እርምጃ ካሩዋና ፈረሱን ኤፍ3 (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል) ላይ አሳረፈው፤ ጨዋታው እስከ 80ኛው እርምጃ ሄዶ እኩል ወጣ። የቼዝ ኮምፒውተሩ ግን በዚያች እርምጃ ቢሾፑ ኤች4 ላይ ቢገባ ጥቁር ያሸንፍ ነበር አለ። መንገዱን ተመልከት፦ ነጭ ቢሾፑን ዲ5 ያመጣል፣ ፈረሱ ኢ2 ይገባል፣ የነጭ ቢሾፕ ኤፍ3 ሲመጣበት ፈረሱ ጂ1 ላይ፣ የሰሌዳው ዳር ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ሆኖ ኢ2ን፣ ኤፍ3ንና ኤች3ን ይጠብቃል፤ የነጩ ቢሾፕ ማረፊያ እያጣ ይሄዳል። የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ካስፓሮቭ ያን ጊዜ፣ በገዛ ፈቃዱ ፈረሱን እንዲህ የሚያጠምድ ሰው የለም ብሏል። እኔም ይህን በካሩዋና ላይ እንደ ጥፋት አልቆጥረውም። ፈረስን ወደ መሀል አምጣ እየተባለ ያደገ ሰው፣ ስድስት ሰዓት ተቀምጦ፣ ፈረሱን መውጫ ወደሌለው ቦታ አይከትም። እንዲህ ያለውን ለኮምፒውተሩ ተውለት።

እንደ ጥፋት የምቆጥረው ሌላውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኒው ዮርክ፣ ካርልሰንና ተፈታታኙ ካርያኪን፣ 4ኛው ጨዋታ። ካርልሰን ጥቁር ነው፣ ሁለቱም ቢሾፖቹ በእጁ ናቸው፣ ነጭ ተጨንቋል። በ45ኛው እርምጃ የኤፍ ወታደሩን ወደ ኤፍ4 ገፋው። ስታየው ቦታ የሚይዝ፣ ነጭን የሚያጠብብ ይመስላል። ሆኖም ወታደሮቹ ተቆላለፉ፣ የጥቁር ንጉሥ የሚገባበት በር ተዘጋ፣ ካርያኪን በዚያ ውስጥ ምሽግ ሠራ። ጨዋታው 94 እርምጃ ሄደ፤ ምሽጉ ሳይፈርስ ቀረ። ቢሾፕ ክፍት መስመር ይፈልጋል፤ ሁለት ቢሾፕ ያለው ሰው ሰሌዳውን በገዛ እጁ ሲዘጋ ያለውን ብልጫ ራሱ ያሳንሰዋል። ነጭ ምንም ሊያደርግ የማይችል ከሆነ፣ ወታደሩን ኤፍ5 ላይ ትቶ ንጉሡንና ቢሾፖቹን ማስተካከል፣ ወታደሩንም በኋላ መግፋት ይቻል ነበር። ይህን የምታየው ኮምፒውተር ሳያስፈልግህ ነው፤ ለዚህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ልዩነቱ ይህ ነው፦ ፈረስ፣ ቢሾፕ፣ ሩክ (በቀጥታ የሚሄደው) ቢሳሳቱ ይመለሳሉ፤ ወታደር ወደ ኋላ አይመለስም። የተለዋወጥኸውም (የራስህን አስበልተህ የሱን የበላህበት) ክፍል አይመለስም። ድሎች በብዛት የሚያመልጡት በእነዚህ በሁለቱ ነው።

ሰሌዳህን አውጣና ይህን ሞክር። ነጭ ንጉሥ ኢ4፣ ነጭ ወታደር ኢ2፣ ጥቁር ንጉሥ ኢ6፣ ተራው የነጭ። ወታደሩን አንድ እርምጃ ብቻ፣ ወደ ኢ3 ግፋ። አሁን ሁለቱ ንጉሦች ፊት ለፊት ናቸው፣ ተራው የጥቁር ነው፣ መልቀቅ አለበት፤ ዲ6 ቢሄድ በኤፍ5 ታልፈዋለህ፣ ኤፍ6 ቢሄድ በዲ5። ድል ነው። አሁን ሁሉን እንደነበረ አድርገህ ወታደሩን ብቻ ቀድሞ ኢ3 ላይ አስቀምጠው፤ ተራው አሁንም የነጭ ነው። ጥቁር በትክክል ከተከላከለ እኩል ነው። ቀደም ብሎ «እየቀረብኩ ነው» ብሎ ያቺን አንዲት እርምጃ ያባከነ ሰው ግማሽ ነጥብ ጣለ። የካርልሰን ኤፍ4 ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ስለ መለዋወጥ ደግሞ የሲንጋፖሩን እይ። እ.ኤ.አ. በ2024፣ የዚያን ጊዜው ሻምፒዮን ዲንግና ተፈታታኙ ጉኬሽ፣ የመጨረሻው 14ኛ ጨዋታ። ጉኬሽ አንድ ወታደር ይበልጣል፤ ሩክና ቢሾፕ በሁለቱም በኩል አሉ፤ ዲንግ ቢጸና እኩል ነው። በ55ኛው እርምጃ ዲንግ ሩኩን ኤፍ2 ላይ አቀረበ፤ መለዋወጡ የሚያቀልለት መስሎታል። የራሱ ቢሾፕ ግን ኤ8 ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሩኮቹ ተለዋወጡ፣ ጉኬሽ ቢሾፑን ዲ5 ላይ አመጣ፣ የዲንግ ቢሾፕ ማምለጫ አጣ፣ እሱም ተለዋወጠ። የቀረው የንጉሥና የወታደር ጨዋታ ነው። ነጭ ንጉሥ ኢ3፣ ጥቁር ንጉሥ ኢ5፣ ተራው የነጭ፤ ዲንግ እጁን ሰጠ። ከላይ ያሳየሁህ ፊት ለፊት መቆም ነው፤ የሻምፒዮንነቱ ዘውድ በእሷ ሄደ። ስለዚህ ሩክ ከመለዋወጥህ በፊት «ሌላውም ክፍል ተከትሎ ቢሄድ፣ የወታደሩ ጨዋታ የማን ነው?» ብለህ እስከ መጨረሻው ቁጠር። ያልቆጠርኸውን አትለዋወጥ።

ሰዓቱንም አትርሳ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዱባይ ላይ እስከ 60ኛው እርምጃ በየእርምጃው የሚጨመር ሰከንድ አልነበረም፤ ከ61ኛው ጀምሮ ነው 30 ሰከንድ የሚጨመረው። በ6ኛው ጨዋታ ካርልሰንም ተፈታታኙ ኔፖምኒያሽም ወደ 40ኛው እርምጃ ሲቃረቡ ዕድል ዕድላቸውን ጣሉ። ጨዋታው 136 እርምጃ፣ 7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ፈጀ። በመጨረሻ ኔፖምኒያሽ ንግሥት ይዞ ሩክን፣ ፈረስንና ሁለት ወታደርን ሊገታ የሚችልበት ነበር፤ 130ኛው እርምጃ ላይ ንግሥቱን ኢ6 አስገባና ተሸነፈ።

እኛ ሀገር ሽማግሌዎች ድሮ ይጫወቱት በነበረው ሰንጠረዥ፣ በባህላዊው ቼዛችን፣ ባዶውን የቀረ ንጉሥ ማት አይደረግም ነበር። ሁሉን እየበላ የሄደ ሰው ድሉን አብሮ ይበላዋል፤ መቼ መብላት እንደሚያቆም ማወቅ አለበት። ሰንጠረዥ የለመደ ሰው ኤንድጌም ላይ ትዕግሥት ያለው ይመስለኛል።

ልጆቹን ማስተማር ከጀመርህ እንዲህ አድርግ። አንድ ቦታ ስጣቸው፣ በሰዓት ይጫወቱት። ወታደር ሊገፉ ወይም ሊለዋወጡ ሲሉ እጃቸውን ከሰሌዳው አንሥተው «ባልገፋው ምን ይጎድልብኛል?» የሚለውን በወረቀት ይጻፉ። ኮምፒውተሩን የሚከፍቱት ከዚያ በኋላ ነው። ከሱ ያገኙትንም በሁለት ይክፈሉት፦ ሰው ሊያየው የሚችለውንና እንደ ጂ1 ያለውን። የሚደጋገሙት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የኢ2ዋን ቦታ ንጉሦቹንም ወታደሩንም አንድ አንድ ረድፍ ወደ ላይ፣ ኢ5፣ ኢ3 እና ኢ7 ላይ አድርገህ ተጫወትና ያገኘኸውን ጻፍልኝ። እኔም በዚህ ጊዜ ሳልዘገይ እመልሳለሁ።

ወዳጅህ፣ ከጎንደር