ከሕመምተኛ ቤት የተረፈው የሕክምና መሣሪያ በእድር እጅ ይቀመጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ
አዲስ አበባ

ክቡር አዘጋጅ፣

ለቅሶ ለመድረስ ወይም የታመመ ለመጠየቅ በከተማችን ቤቶች ገባ ወጣ የሚል ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሕመምተኛው ካረፈ በኋላ ተሽከርካሪ ወንበሩ በረንዳ ላይ፣ የአየር ፍራሹ አልጋ ሥር፣ የኦክስጅን ማሽኑም በአንሶላ ተሸፍኖ ዕቃ ቤት ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ቤተሰቡ ለመሸጥ ኅሊናው እሺ አይለውም፣ ለመጣል ይሳሳል፣ ለማን እንደሚሰጥም አያውቅም። በዚያው ሰፈር ውስጥ ግን ዳሌያቸው ተሰብሮ ከአልጋ መውረድ ያቃታቸው አባት ወይም ለመተንፈስ የሚታገሉ እናት ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውም ያንኑ መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ ያሰባስባሉ። በዚህ ደብዳቤ የማቀርበው ሐሳብ፣ እነዚህን መሣሪያዎች እድሮቻችን ከድንኳኑ፣ ከወንበሩና ከብረት ድስቱ ጋር በንብረት መዝገባቸው አስገብተው በውሰት እንዲያዳርሱ፣ የመሣሪያው ዕጣ ፈንታም ሕመምተኛው በሕይወት ሳለ በራሱ ቃል እንዲወሰን ነው።

የሟችን ልብስ ስለ ነፍሱ ለነዳያን መስጠት የኖረ ልማዳችን ነው። በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድም ሰደቃው አለ፣ ንብረትን ለሕዝብ ጥቅም ማዋል ወቅፍ ተብሎ የታወቀ ሥርዓት ነው። ስለዚህ የጎደለን የመስጠት ፈቃድ አይደለም። ልብስ ለሚለብሰው ሰው ማስረከብ ዕውቀት አይጠይቅም፤ የሕክምና መሣሪያ ግን አሠራሩን ካላወቁ፣ ለማን እንደሚሆን ካልለዩና ከሰጡም በኋላ ካልተከታተሉት ተቀባዩን ሊጎዳ ይችላል። ብዙ መሣሪያ ዕቃ ቤት የሚቀረው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። የኮቪድ በሽታ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ በነበሩት የጭንቅ ዓመታት አቅም ያለው ገዝቶ፣ ዘመድ ያለው ከውጭ አስመጥቶ ወደ ቤቱ ያስገባው የኦክስጅን ማሽንም ቀላል አልነበረም።

የራሴን ቤት ነገር ላስረዳ። አባቴ ሥር በሰደደ የሳንባ ሕመም ለዓመታት ሲሰቃዩ ኖረው አርፈዋል። በመጨረሻው ጊዜ ያለ ኦክስጅን ቁጭ ማለት እንኳ ስለተሳናቸው በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የሚኖረው ወንድሜ ማሽን ልኮላቸው ነበር። ሕመሙ እየጸና ሲሄድ የንስሐ አባታቸው ባሉበት እኛን ልጆቻቸውን አስቀምጠው «ይህ ማሽን ከእኔ በኋላ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ፤ ከኋላ ላለችው ጎረቤታችን ስጧት» አሉ። እኒህ ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ የምድጃው ጭስ ሳንባቸውን የጎዳው እናት ናቸው። የአባቴ ቃል ለእኛም ለእርሳቸውም ረዳ። እኛ ልጆች ከአርባው በኋላ ስለ ማሽኑ አንድም ክርክር አላነሣንም። እርሳቸውም የሞተ ሰው ዕቃ ገደቢስ ነው ብለው ከሚሸሹት ወገን ቢሆኑም፣ ሰጪው በሕይወት ሳሉ መርቀው የሰጧቸው ስለሆነ በደስታ ተቀበሉት። ስለ መሣሪያው ከታመመ ወላጅ ጋር መነጋገር ሞትን እንደ መጥራት ተቆጥሮ በየቤቱ ይታለፋል፤ እኔ ግን በአባቴ ፊት ላይ ያየሁት እፎይታን ነበር። ከአልጋ ሳይነሡ ለሰው የሚያደርጉት ነገር በማግኘታቸው እንደተጽናኑ አምናለሁ።

ማሽኑን ማስረከብ ግን ተሸክሞ አጥር መሻገር ብቻ አልነበረም። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶው ብቻ ኦክስጅን ሲሆን ማሽኑ ይህንኑ አየር ስቦ፣ ናይትሮጅኑን ዚዮላይት በተባለ ማዕድን አስቀርቶ፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ኦክስጅን ያወጣል። ማዕድኑ ሲያረጅ ወይም እርጥበት ሲገባበት ማሽኑ እንደ ወትሮው እያጉረመረመ የሚያወጣው ኦክስጅን ግን እየሳሳ ይሄዳል፤ መጠኑ ከ82 በመቶ በታች የወረደ ማሽን ለሕመምተኛ መዋል የለበትም። ይህንን በጆሮም በዓይንም መለየት አይቻልም፤ የኦክስጅን መለኪያ ያለው የሕክምና መሣሪያዎች ባለሙያ ሊያየው ይገባል። እኛም ማሽኑን ያስረከብነው እንዲህ ያለ ባለሙያ ፈትሾ፣ ማጣሪያውንም ለውጦ ከሰጠን በኋላ ነው።

ሁለተኛው ነገር የሐኪም ትእዛዝ ነው። በማሽኑ ፊት ላይ ባለችው መስተዋት ውስጥ አንዲት ትንሽ ኳስ አለች፤ ቁልፉን ሲያዞሩት ከፍ ዝቅ እያለች በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚወጣ ታሳያለች። አባቴ በመጨረሻው ጊዜ ሦስት ሊትር ይጠቀሙ ስለነበር የጎረቤታችን ልጅ ለእናቷም ኳሷን እዚያው ላይ ልትተዋት ፈለገች፤ ሐኪሙ የጻፈላቸው ግን አንድ ሊትር ተኩል ነበር። ሳንባቸው ለረጅም ጊዜ የተጎዳ ሰዎች ኦክስጅን ሲበዛባቸው በደማቸው ውስጥ የተቃጠለ አየር ሊከማችና ራሳቸውን እስከመሳት ሊያደርሳቸው ይችላል። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው መጠን ለሌላው አደጋ ስለሚሆን፣ የተቀባዩ ሐኪም በጽሑፍ ያዘዘው መጠን ማሽኑ ላይ ተለጥፎ መሰጠት አለበት።

ቤታችንም የራሱ ጠባይ አለው። ኦክስጅን እሳትን ያባብሳል፤ በእኛ ቤት ደግሞ ቡና ከከሰሉ ጋር፣ ዕጣን ከማጨሻው ጋር፣ ለጸሎትም ጧፍ ሕመምተኛው በተኛበት ክፍል ይቀርባል። ለጎረቤታችን ልጆች ደጋግመን የነገርናቸው ይህንን ነው፤ ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላ፣ ጧፉም ከአልጋው ይራቅ። የመብራቱ ነገርም ቀላል አይደለም። በደቂቃ አምስት ሊትር የሚያወጣ ማሽን 350 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ቀንና ሌሊት ቢሠራ በወር ወደ 250 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ለብቻው ቆጣሪ ላለው ቤት ይህ የሚቻል ነው፤ በአንድ ቆጣሪ ብዙ አባወራ በሚጠቀምበት ግቢ ግን የጠብ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማሽን የሚሰጥ ሰው ከተቻለው የመብራቱን ጭማሪ ለጥቂት ወራት ቢደግፍ፣ መብራት ሲጠፋ የሚተካ የኦክስጅን ሲሊንደርም ከየት እንደሚገኝ አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው።

በውጭ አገር ላሉ ወገኖቻችን በዚህ አጋጣሚ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ (ኸርዝ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር ነው) ሲሆን የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያስተካክልም ኸርዙን አይለውጥም፤ በ60 ኸርዝ እንዲሠራ የተበጀ ሞተርም በ50 ኸርዝ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ይግላል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ የአየሯም ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል ያነሰ ከተማ ስለሆነች እያንዳንዱ ማሽን እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ መመሪያው ላይ ማየት ያስፈልጋል። ወንድሜ ይህንን ጠይቆ ለ220 ቮልት የተሠራውን በመላኩ የአባቴ ማሽን ዛሬም እየሠራ ነው።

አሁን ወደ እድሩ ልመለስ። ማሽኑ በአባቴ ቃል ባለቤት ቢያገኝም የሚታጠፈው አልጋና የአየር ፍራሹ ቀርተው ነበር። አንድ ሆስፒታል ወስደን ለመስጠት ጠየቅን፤ ከግለሰብ ቤት የመጣ ዕቃ በንብረትነት ለመመዝገብ የሚያስችል አሠራር እንደሌለው ነገሩን። ኃላፊነቱን መፍራታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ከሆስፒታል ወጥተው በየቤታቸው የተኙት ሕመምተኞች ከዚያ ግምጃ ቤት ምንም አያገኙም። ሌላው የቀረበልን አማራጭ ቆራሌው ነበር። አልጋውን የሚገምተው በብረትነቱ ነው፤ ተሽከርካሪ ወንበርም እንዲሁ በብረት ዋጋ ከየደጃፉ ሲወሰድ አይቻለሁ፤ ልቤም አዝኗል።

እድር ግን ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው በእጁ አለ። ዳኛ፣ ጸሐፊና ንብረት ያዥ አለው፤ ዕቃ አስፈርሞ ማስወጣት፣ ሲመለስ መቁጠር፣ የጎደለውን ማስከፈል ያውቅበታል። በየትኛው ቤት ማን እንደተኛ ከማንም ቀድሞ የሚሰማውም እርሱ ነው። እድር የሚያገለግለው ሙታንን ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ሰፈሮቻችንን ባጠቃበት ጊዜ በርካታ የአዲስ አበባ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕመምተኞችን በየቤታቸው ያስታመሙ፣ ወላጅ አልባ ሕፃናትንም የደገፉ መሆናቸውን ያስታውስ።

በውሰት መሆኑን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በስጦታ የወጣ መሣሪያ ተቀባዩ ሲያርፍ እንደገና ዕቃ ቤት ይገባል፤ በመዝገብ የወጣ ግን ይመለሳል፣ ይታጠባል፣ ይፈተሻል፣ ለቀጣዩ ሰው ይደርሳል። አልጋና ወንበር በሳሙናና በውኃ ታጥቦ፣ በበረኪና ውኃ ተወልውሎ፣ ብረቱን እንዳይበላው በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ ፀሐይ ሊመታው ይገባል። በአፍንጫ የሚገባ ቱቦና የፊት ጭንብል ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ይጣላል። የተቀደደ ፍራሽም እንዲሁ። የተረፈ መድኃኒት፣ በተለይም እንደ ሞርፊን ያለ የሕመም ማስታገሻ፣ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ስለማይገባ ላዘዘው የሕክምና ተቋም ይመለስ። ተሽከርካሪ ወንበርም ቢሆን መቀመጫው ለሰውየው ካልተመጠነ የአልጋ ቁስል የሚሉትን ቁስል መቀመጫ ላይ ያመጣል፤ በሚያውቅ ሰው ዐይን ታይቶ ይሰጥ።

ይህ ሁሉ ከእድር ዐቅም በላይ ነው የሚል ይኖራል። መሣሪያ መፈተሹን በሚመለከት እውነት ነው። የአዲስ አበባ ጤና ቢሮ በየክፍለ ከተማው በታወቀ ቀን የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ መድቦ የእድሮችን ንብረት ቢያስፈትሽ፣ በየጤና ጣቢያው ያሉ ነርሶችም ተቀባዩን ቤተሰብ አጠቃቀሙን ቢያሳዩ ችግሩ ይፈታል ብዬ አምናለሁ። ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት መቋቋም አያስፈልገውም። የመሣሪያው ዋጋ አስቀድሞ በእኛ በልጆች ተከፍሏል፤ የተጠየቀው ያለውን ከዕቃ ቤት ማውጣት ነው።

የእኛ ሰፈር እድር ጉዳዩን ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ አድርጎ ይዞልናል፤ የአባቴ አልጋና የአየር ፍራሽም በመዝገቡ የመጀመሪያ ሆነው እንዲገቡ ፈቃዳችንን ሰጥተናል። ጋዜጣችሁም ከሙት ዓመት ማስታወቂያዎች አጠገብ ለውሰት የተዘጋጁ የሕክምና መሣሪያዎች የሚገለጹበት አንድ ጠባብ ዓምድ፣ የእድሩ ስምና አድራሻ ብቻ የሚሰፍርበት፣ ያለ ክፍያ ቢፈቅድ ትልቅ እርዳታ ይሆናል። ጥያቄዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከየካ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ