ስለ ቦቢ አፍ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ውሻሽ ቦቢ ሰገራ ይበላል ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብላት እናትሽ «ኤጭ! በዚያ አፉ ነው እንዴ የሚልሳት?» ብላ ፊቷን አዞረች። እኔ ግን ብዙም አልደነቀኝ። ውሻ ከሜዳ ሰገራ ላፍ ማድረጉ ነውርነቱ ለእኛ ነው። ቡችላ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ እናቱ ከጅራቱ ሥር እየላሰች፣ የወጣውን እየበላች ነው ማደሪያውን የምታጸዳለት። አፍንጫው ሲነቃ ደግሞ የድመቱ፣ የወፉ፣ የፈረሱ ፋንድያ ሁሉ ለእሱ የሚበላ ነገር ይሸታል። ስለዚህ ቦቢ አልባለገም፤ በመጀመሪያ ንዴቱን ተይው።

ንዴቱን ተይው የምልሽ ለእሱ አዝኜ ብቻ አይደለም። እየጮሁ ሲሮጡበት ውሻ የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ «እሷ ሳትደርስ ዋጥ ስልቅጥ»። አፍንጫውን ሰገራው ላይ መቅበር ደግሞ፣ ማንም ይምከርሽ ማን፣ አንቺን ከመፍራት በቀር የሚያስተምረው ነገር የለም።

የራሱን ከሆነ የሚበላው፣ ቁም ነገሩ ያለው ተጸዳድቶ ቀና በሚልበትና ዞሮ በሚያሸትበት መካከል ባለችው አፍታ ላይ ነው። ማሰሪያውን ሳትጎትቺ ያዥው። የተቀቀለ ሥጋ ቁርጥራጭ ኪስሽ ውስጥ ይኑር፤ ደረቁ ምግቡ ለዚህ አይበቃም። ልክ ሲጨርስ፣ አፍንጫው ወደ መሬት ሳይመለስ፣ በደስታ ድምፅ «ቦቢ ና!» እያልሽ ወደ ኋላ ሂጂ። ሲደርስ ስጪው፣ አስቀምጪው፣ አንድ ሁለቴ ጨምሪለት፤ ከዚያ ሰገራውን በፌስታል አንሺ። ይህን ሳትሰለቺ ካደረግሽው አንድ ቀን ሳትጠሪው ጨርሶ ፊትሽ መጥቶ ቁጭ ይልና ኪስሽን ያያል።

የሌላውን እንስሳ መተው ግን «ተው» የሚለውን ቃል ማወቅ ይፈልጋል፤ እሱም ቤት ውስጥ ነው የሚጀመረው። ደረቅ ምግብ በእጅሽ ጨብጠሽ አስጠጊለት። ይልሳል፣ በእግሩ ይቧጥጣል፣ ያለቃቅሳል። ዝም በይ። ጭንቅላቱን መለስ ባደረገባት ቅጽበት «ጎሽ!» ብለሽ ከሌላኛው እጅሽ ሥጋ ስጪው። የጨበጥሽውን በፍጹም አትስጪው፤ ከሰጠሽው «ትንሽ ቆይተህ ብላ» ማለት ይመስለዋል። ይህን ሲለምድ እጅሽን ክፈቺ፣ ቀጥሎ መሬት ላይ አድርገሽ በጫማሽ ሸፍኚው፣ ቀጥሎ እንዲሁ ተይው። «ተው» የሚለውን ቃል የምታስገቢው መተዉን ካወቀ በኋላ ነው። ከዚያ ወደ ውጭ፦ ሰገራውን ከሩቅ አይተሽ ገና ሳይጎትትሽ «ተው» በይና ዞር ሲልልሽ ሸልሚው። ጆሮ ዳባ ልበስ ካለሽ ቀርበሻል ማለት ነው፤ ጥቂት እርምጃ ራቂ። አንዴ አፉ ከገባ አታሳድጂው፣ መንጋጋውንም አትፈልቅቂ። ሥጋውን ፊቱ በትኚለት፤ ለመልቀም ያለውን ይጥላል።

ሰገራ መብላት ያስተወዋል ተብሎ ምግቡ ላይ ስለሚነሰነሰው ዱቄት ጠይቀሽኛል። ገንዘብሽን ያዥ። በዴቪስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት የውሻ ባለቤቶች መጠይቅ፣ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠው ነገር ሠራልን ያሉት ከመቶ ከ2 አይበልጡም ነበር። ልደብቅሽ አልፈልግም፣ ሥልጠናውም ብቻውን ብዙ የተሻለ ውጤት አላገኘም። እኔ ከዚያ ጽሑፍ የያዝኩት ሌላ ነገር ነው፦ ይህን የሚያዘወትሩ ውሾች አብዛኞቹ የሚመርጡት ከ2 ቀን ያልበለጠውን ነው። ስለዚህ ግቢሽ ውስጥ ወዲያው ማንሳት ከየትኛውም ዱቄት ይበልጣል፤ ውጭ ደግሞ «ተው» እስኪጠነክር ድረስ ያለ ማሰሪያ አትልቀቂው። አፍ ላይ የሚታሰረውን ቅርጫት መሰል መከለያ አስበሽ ከሆነ፣ ለስላሳ ሰገራ በቀዳዳው ገብቶ እዚያው ይለጠፋል፤ ማጠቡ የአንቺ ሥራ ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ አለ። እናቱ ኮሊ ከሚባለው የበግ ጠባቂ ውሻ ዘር ናት ብለሽኛል። ከኮሊ ዘር ብዙዎቹ ለፈረስ የትል ማጥፊያ የሚሰጠውን አይቨርሜክቲን አይችሉም፤ መድኃኒቱ አንጎላቸው ውስጥ ይገባና ይመርዛቸዋል። በቅርቡ መድኃኒት የወሰደ ፈረስ ፋንድያው ውስጥ ያወጣዋል። ፈረሶች ባሉበት በኩል አትውሰጂው። ፋንድያ በልቶ ከተንገዳገደ ወይም ከተንቀጠቀጠ «እስኪ ነገ ልየው» አትበይ፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ውሰጂው።

ባይንገዳገድም አንዴ የእንስሳት ሐኪም ይየው። ብዙ እየበላ ከከሳና ሰገራው ከቀጠነ ቆሽቱ ምግብ የሚፈጭበትን ንጥረ ነገር በበቂ አያመነጭ ይሆናል፤ ትልም ሊሆን ይችላል፤ ስቴሮይድ መድኃኒት ጀምሮ ከሆነም ረሃቡ ከዚያ ነው። የሌላ ውሻ ሰገራ ጃርዲያ የሚባል የአንጀት ተውሳክ ያስተላልፋል፤ ክትባቱን ላልጨረሰ ቡችላ ደግሞ በሰገራ የሚተላለፈው ፓርቮ የሚባል ቫይረስ አደገኛ ነው፤ ስለዚህ የክትባት ካርዱን ተመልከቺ። ስትሄጂ ትኩስ ሰገራውን ክዳን ባለው ዕቃ ይዘሽ ሂጂ፣ አለበለዚያ ለምርመራው ሌላ ቀን ይቀጥሩሻል።

አባትሽ