ፈረስ ላይ ሆኜ የላክኩላችሁ ፎቶ ጉዳይ

ይድረስ ለእማዬና ለአባዬ፣ ጮክ ብለሽ የምታነቢላቸው አንቺ ስለሆንሽ ደሞ ላንቺም ሚሚ፣

እንዴት ናችሁ? በጣም ነው የናፈቃችሁኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ ስራም አለ፣ ስለ ስራ ስልክ ላይ ሁሌ ስለምናወራ ዛሬ ይቅርብን። የምጽፍላችሁ ስለዛ ፎቶ ነው። ሚሚ "ሀብታም ሆነሽ ነው ወይስ ፊልም እየሰራሽ ነው?" አልሺኝ፣ እማዬ ደሞ በቮይስ "ኧረ ልጄ ውረጂ" ብለሽ ተቆጣሽ (ከፎቶ ላይ እንዴት ነው የምወርደው እማዬ)፣ አባዬ ግን የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "ጥርሱን አይተሻል?"። ስልክ ላይ ኔትወርኩም እየተቆራረጠ በደንብ ስላልመለስኩላችሁ አሁን ሁሉንም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ነገር ሀብታም አልሆንኩም። ቦታው የህዝብ ፓርክ ነው፣ ማንም ገብቶ የሚንሸራሸርበት። በዛፉ ስር ለስር የሚሄድ የአፈር መንገድ አለው፣ በዛ መንገድ የሚሮጠውም ውሻ የሚያንሸራሽረውም ሳይክል የሚነዳውም ባለፈረሱም እኩል ነው የሚሄደው። ፓርኩ ጫፍ ላይ ጋጣ አለ፣ የራሱ ፈረስ የሌለው ሰው ማለትም እኔን የመሰለ ኦንላይን ቡክ አድርጎ ይሄድና ከጋይድ ጋር በቡድን ይወጣል፣ በቃ። ግን ሚሚ አንቺም ዝም ብለሽ አይደለም ሀብታም ያልሽው፣ ለንደን ውስጥ ሀይድ ፓርክ የሚባለው ቦታ ሮተን ሮው የሚሉት የፈረስ መንገድ አለ፣ ንጉስ ዊልያም ሶስተኛ ነው ያሰራው፣ በፈረንጆቹ 1690 ላይ ማታ ማታ ዘራፊ እንዳያስቸግር ተብሎ 300 የዘይት ፋኖስ ተሰቀለበት፣ ከዛ በኋላ ባለጸጎቹ ዘንጠው ለመታየት ብቻ የሚጋልቡበት ቦታ ሆነ። እኔ የምሄድበት ግን ማንም የክት ልብሱን ለብሶ አይመጣም፣ ጂንስና ትንሽ ተረከዝ ያለው ጫማ ከያዝሽ ይበቃል። ተረከዙ ለፋሽን አይደለም፣ ብትወድቂ እግርሽ እርካቡ ውስጥ አልፎ ተሰንቅሮ ፈረሱ እንዳይጎትትሽ ነው። ይቺን ለእማዬ አታንብቢላት።

ስትደርሺ ፎርም ትፈርሚያለሽ፣ ከዛ ያለ ምንም ይሉኝታ ኪሎሽን ይጠይቁሻል። ፈረስ ላይ የሚጫነው ነገር የራሱን ክብደት 20 ፐርሰንት ባያልፍ ጥሩ ነው ይላሉ፣ ስለዚህ 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ከሆነ ሰውየውም ኮርቻውም ተደምረው 100 ኪሎ መሆናቸው ነው፣ ኮርቻው ደሞ ራሱ ከባድ ነው፣ በተለይ ያ ፊቱ ላይ ቀንድ ያለው የካውቦዮቹ አይነት። ኪሎሽንም ልምድሽንም አይተው ፈረስ ይመድቡልሻል። ለኔ የደረሰኝ ዳማ ነው፣ ግንባሩ ቦቃ፣ ፎቶው ላይ አይኑን ጨፈን ያደረገው እሱ ነው፣ ቆሞ እያንቀላፋ ነበር። ፈረስ እግሩን እንደ መቆለፍ አድርጎ ቆሞ ማሸለብ ይችላል፣ የምር እንቅልፍ ሲፈልግ ግን መተኛት አለበት። የሚወጣው በግራ በኩል ነው፣ ድሮ ወታደር ሰይፉን በግራ ጎኑ ስለሚታጠቅ በቀኝ ልውጣ ቢል ይጠላለፍበት ነበር ይባላል፣ አሁን ሰይፉ ቀርቶ ግራው ብቻ ቀረ።

ጋይዷ ከመውጣታችን በፊት በሆዱ ስር ያለውን ጠፍር ታጠብቅና ትንሽ ወዲያ ወዲህ ካደረገችው በኋላ ደግማ ታጠብቀዋለች፣ ለምንድነው ስላት ፈረሱ ሲታሰር ሰውነቱን ወጥሮ ይይዝና በኋላ መሄድ ሲጀምር ይለቀዋል፣ ያኔ ጠፍሩ ይላላል አለችኝ። ሳይደገም ከተወጣ ኮርቻው ካንቺ ጋር ወደ ጎን ይዞራል። አይ ብልጠት!

እማዬ አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ሄልሜት ግዴታ ነው፣ ጭንቅላቴ ላይ ጥቁር ድስት ደፍቼ ያየሽው እሱ ነው። ሽምጥ ግልቢያ ምናምን የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም በእርምጃ ነው፣ በሰአት 6 ኪሎሜትር ገደማ፣ ፈጠን ብሎ ከሚሄድ እግረኛ እምብዛም አይበልጥም። መስመር ይዘን ነው የምንሄደው፣ በመሀላችን አንድ ፈረስ የሚያክል ክፍተት እንተዋለን ምክንያቱም አንዳንዱ ከኋላው ሲጠጉት ይራገጣል፣ ጅራቱ ላይ ቀይ ሪባን የታሰረለት ካየሽ እሱ የታወቀ ተራጋጭ ነው ራቁት ማለት ነው። አይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ 350 ዲግሪ ያህል ያያል፣ የሚያመልጠው አፍንጫው ፊት ያለውና ከጅራቱ ኋላ ያለው ነው፣ ስለዚህ በኋላው በኩል ዝም ብሎ አይመጣም፣ እያወሩት ነው የሚጠጉት። ዳገት ላይ ወደፊት ዘንበል፣ ቁልቁለት ላይ ትንሽ ወደኋላ፣ ተረከዝ ሁሌ ወደታች። መንዳት የሚባለውማ ብዙም የለም፣ መንገዱን ከኔ በላይ እሱ ነው የሚያውቀው፣ የኔ ስራ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ አለመረበሽ ነው፣ ዛቡን (የልጓሙን ገመድ) ስስብ የምስበው አፉን መሆኑን አለመርሳት ደሞ። ጆሮውን ማየት ነው ትልቁ ነገር፣ ወደፊት ከቀሰረው የሆነ ነገር አይቷል፣ ወደኋላ ካጣበቀው ተናዷል። የሚፈራው ደሞ ያስቃል፣ ሚዳቋ ዘላ ብታልፍ ግድ አይሰጠውም፣ ንፋስ የሚያንገላታው ፌስታል ሲያይ ግን ተገትሮ ይቀራል።

አባዬ ጥርሱን አላየሁም፣ አፉን ልክፈት ብላቸው የሚያባርሩኝ ነው የሚመስለኝ፣ ግን ከጥርሱ ልታውቀው የፈለግከውን እድሜውን ጠይቄልሃለሁ፣ 17 አመቱ ነው። ለጀማሪ የሚሰጡት እንደዚህ እድሜው ገፋ ያለ ሰንጋ (የተኮላሸ ወንድ) ነው፣ ባዝራም አለች፣ ድንጉላ (ያልተኮላሸው) ግን ለዚህ ስራ አያወጡም። ሰኮናውን በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ባለሙያ መጥቶ ይከረክመዋል። ድርቆሽ በቀን 10 ኪሎ ገደማ ይበላል፣ ውሃ ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል። አንተ ታውቀው ይሆናል እኔ ግን የገረመኝ ፈረስ ማስመለስ አይችልም፣ የበላው ካልተስማማው ተመልሶ የሚወጣበት መንገድ የለም፣ ሆዱን ይዞት ሊሞት ሁሉ ይችላል። በየመንገዱ ቅጠል ልንጨት ሲል ከልክሉት የሚሉን አንዱም ለዛ ነው። እሱ ግን ጀማሪ የወጣበት መሆኑን ገና ስትቀመጪ ነው የሚያውቀው፣ ሳር ባየ ቁጥር ጭንቅላቱን ሲደፋ ዛቡ ከእጄ ሊወጣ ይደርሳል፣ እኔ ደሞ ማዘን እጀምራለሁ፣ ጋይዷ ደሞ ከፊት ዞራ "አትዘኚለት ቁርሱን በልቷል" ትላለች።

ግን እኔ ፓርኩን የወደድኩት በዚህ ሁሉ ምክንያት አይደለም። እዚህ ሰው ከሰው ጋር እንዴት እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ፣ ሁሉም ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ሰክቶ ነው የሚሄደው፣ ከስራ ውጪ ካንድ ሰው ጋር ሳላወራ ቀኑ የሚመሽበት ጊዜ አለ፣ ማማረሬ አይደለም እኔም ሰክቼ ነው የምሄደው። ፓርኩ መግቢያ ላይ ግን ታፔላ አለ፣ ሳይክል ለእግረኛም ለፈረስም ቅድሚያ ይስጥ፣ እግረኛ ለፈረስ ቅድሚያ ይስጥ ይላል። ስለዚህ ፈረስ ላይ ከሆንሽ ሁሉም ላንቺ ነው የሚቆመው ማለት ነው። ደሞ ዝም ብሎ መቆም ብቻ አይደለም፣ ፈረስ ሲያጋጥማችሁ በረጋ ድምጽ ተናገሩ ይላል! ምክንያቱም ፈረስ አውሬ ሲያባርረው የኖረ እንስሳ ነው፣ ትልቅ ቦርሳ ያዘለ ወይ ጃንጥላ የዘረጋ ሰው ድንገት ዛፍ ስር ቆሞ ሲያይ ምን እንደሆነ አይለየውም፣ ድምጽ ሲሰማ ግን ሰው መሆኑ ይገባውና ይረጋል። እና ምን ይሆናል መሰላችሁ፣ እዛ መንገድ ላይ የሚያገኘን ሁሉ ጥግ ይዞ ይቆምና "ሃሎ፣ እንዴት አደራችሁ፣ ቀኑ እንዴት ደስ ይላል" ማለት ይጀምራል። ሌላ ጊዜ ከተማ ውስጥ ቢገጨኝ እንኳን ቀና የማይለው ሰው ሁሉ ነው። ሳይክሉን አቁሞ ወርዶ የሚያወራ አለ፣ ልጁን አቅፎ "ባይ በያት" የሚል አለ፣ እኔም ከላይ ሆኜ ለሁሉም እመልሳለሁ፣ አንገቴ እስኪያመኝ። ሰላምታው ለፈረሱ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን እሱ ስለማይመልስ እኔ እቀበልለታለሁ።

አንድ ቀን እኔ ህንጻ ላይ የምትኖር ሴትዮ፣ ከገባሁ ጀምሮ ሊፍት ውስጥ የማገኛት አንድ ቀን እንኳን አፏን ከፍታ የማታውቅ፣ መንገዱ ዳር ቆማ "እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ፣ እሱስ እንዴት ነው፣ ስሙ ማነው" እያለች ብታወራኝ ልወድቅ ነበር። ለካ በሄልሜቱ ምክንያት አላወቀችኝም። በነጋታው ሊፍት ውስጥ አገኘኋትና ፈገግ አልኩላት፣ እሷ ስልኳን ነው የምታየው። ፈረሱ አልነበረማ!

ሲመለስ ግን ስታይው ሌላ ፈረስ ነው የሚመስለው፣ ጋጣው ሲቀርብ ያ ሁሉ ልግመት ጠፍቶ እርምጃው ይፈጥናል፣ መያዝ ነው የሚያስፈልገው። ወርጄ ስቆም እግሬ የኔ አልመስል ይለኛል፣ በማግስቱ ጭኔና ወገቤ ይንቀጠቀጣል፣ ደረጃ መውረድ ቅጣት ነው፣ ሰው ተቀምጦ እንዴት እንደዚህ ይደክመዋል አትበሉኝ።

ቀጥሎ ያሰብኩት ሶምሶማ መማር ነው፣ እሱን መንገድ ላይ አያስጀምሩም፣ መጀመሪያ በአጥር ውስጥ እየዞርሽ በፈረሱ እርምጃ ልክ ከኮርቻው ብድግ ቁጭ ማለት ትለማመጃለሽ። እማዬ እሱንም በሄልሜት ነው።

ቪዲዮውን ለሚሚ በቴሌግራም ልኬላታለሁ፣ መጀመሪያ ላይ የሚጮኸው ሰው እኔ አይደለሁም፣ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ነው። አባዬ አረማመዱን ደጋግመህ እየውና የፊት ቀኝ እግሩን ንገረኝ፣ እኔ ትንሽ የሚያሳጥረው ይመስለኛል፣ ጋይዷ ግን ምንም የለበትም ነው ያለችኝ። አንተ አየሁበት ካልክ ሄጄ እነግራታለሁ።

ሁላችሁንም እስማለሁ፣
ልጃችሁ